የእህቴ ዘንዶና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ስማ፣ አንቺም ስሚ። ስልካችሁን ድፉትና ጆሮ ስጡኝ። ይሄን ከተናገርኩ በኋላ ዕርቅ አፍራሽ እንደምባል አውቃለሁ። በሉኝ። ሚኒሶታ፣ ሻኮፒ ያለው መጋዘን ውስጥ ቆሜ ካርቶን ስካን ሳደርግ ውዬ በሆዴ የማወራው ይሄንኑ ነው፤ ወላ ብሬክ ላይ፣ ወላ መኪና ውስጥ። በሆዴ ማውራት ሰልችቶኛል።

ነገሩ ስለ ዘንዶ ነው። አትሳቁ፣ ገና አልጀመርኩም።

እህቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ወደዚህ ስንመጣ እሷ አምስት፣ እኔ አሥራ ሦስት ነበርን። አማርኛዋ ዊንተር ላይ ውጪ ያደረ መኪና ነው፤ ይነሳል፣ ያስላል፣ ይጠፋል፣ የቀረውን በእንግሊዝኛ ትገፋዋለች። እኔ ደግሞ ትምህርቱን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ እንግሊዝኛዬ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው። ሁለታችን ስናወራ የሚሰማ ሰው ሁለት የተበላሸ ሬዲዮ የተጣላ ነው የሚመስለው። ግን እንግባባ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ፣ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ከምንኖርበት ከአፕል ቫሊ የማደርሳት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ደብተር ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች፤ መኪናው ሲነጥር እስክሪብቶው ይዘላል፣ ትሰድበኛለች።

«ምንድነው ሁልጊዜ የምትጽፊው?» አልኳት አንድ ቀን።

«የቤት ሥራ።»

«ቅዳሜ?»

ወንዙን ከተሻገርን በኋላ «ብሮ፣ ካልሳቅክ እነግርሃለሁ» አለች። «ልብወለድ ነው። የፍቅር። ዘንዶ ያለበት።»

ሳቅኩ። ደብተሩን ዘጋችው። ዳቦ ቤቱ በር እስክንደርስ ስለምናት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ንጉሡ አእምሮውን ስቶ ልጁ እንደራሴ ሆኖ የገዛበት ዘመን አለ። እሱ እውነት ነው። ሴቱ ደረት ሥር የታሰረ ስስ ቀሚስ ለብሶ፣ እስከ ክርን ጓንት አጥልቆ፣ ወንዱ አንገቱን በነጭ ጨርቅ ጠፍሮ ይጨፍራል። እሱም እውነት ነው። እህቴ የጨመረችው ዘንዶዎቹን ነው። ዘንዶዎቹ የዘውድ ናቸው፣ ከፈረንሳይ ጋር በሰማይ ይዋጋሉ። አንድ ዘንዶ ጀርባው ላይ የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሴት ዘንዶ ከነካች ደግሞ ወንጀል ነው።

ልጅቷ የከሰረ ትልቅ ቤት ልጅ ነች። እናቷ ለአንድ ሀብታም ሽማግሌ መስፍን ልትድራት ትሯሯጣለች። ልጅቷ ግን በፈረሰ ወፍጮ ቤት ውስጥ ክንፉ የተሰበረ አረንጓዴ ዘንዶ ደብቃ በድብቅ ታበላለች። አንድ የዘንዶ ጦር ሻምበል ይደርስባታል። መክሰስ አለበት። አይከሳትም። ገባችሁ?

እኔ ጭራሽ ልብወለድ አንብቤ አላውቅም። ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ቀበቶ ሳታስር «እሺ፣ ከዚያስ?» አልኳት።

«ዘንዶው ምን ይበላል?»

«በግ።»

«በቀን ስንት?»

«ሁለት።»

«በጾምስ?»

በሳቅ ፍርስ አለች። «እንግሊዞች እንደኛ አይጾሙም» አለች። «እና ዘንዶው ሃይማኖት የለውም፣ ኦኬ?»

«ሃይማኖት የሌለው ነገር እማዬ ቤት አይገባም» አልኳት። ያኔ ቀልድ ነበር።

የገረመኝ የሰዎቹ ነገር ነው። ልጅቷ ያላስተዋወቋትን ወንድ ማናገር አትችልም። ከአንድ ወንድ ጋር ብቻዋን አትክልት ቦታ ከታየች አለቀላት፣ ታናናሽ እህቶቿም ባል አያገኙም። በጭፈራው ቤት ባልቴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ማን ማንን እንዳየ ይቆጥራሉ። «አንቺ፣ ይሄ እኮ እንግሊዝ አይደለም» አልኳት። «የኛ የቤተክርስቲያን አዳራሽ ነው። ጓንቱ ብቻ ነው የጎደለን።» እሷም ሳቅ እያለች «ታዲያ ከየት ያመጣሁት መሰለህ?» አለችኝ።

ሥራ ቦታ አጠገቤ የሚቆም የአርሲ ልጅ አለ፤ ቤቱ አፋን ኦሮሞ ነው የሚያወራው፣ ከኔ ጋር በአማርኛ። ታሪኩን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሰኞ በመጣ ቁጥር ገና ጓንቱን ሳያደርግ «አቦ፣ ዘንዶው ዳነ?» ነው። ስለ ልጅቷና ስለ ሻምበሉ ግድ የለውም። የከብት አርቢ ልጅ ነው፣ እሱን የሚያስጨንቀው ክንፉ ነው። «የተሰበረ አጥንት ላይ ቀርከሃ ነው የሚታሰረው በላት» አለኝ። ነገርኳት። ቀርከሃ እንግሊዝ የለም ብላ ሌላ እንጨት አድርጋ አስገባችው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስተኛው ደብተር ላይ ደረስን። እና እዚህ ላይ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት።

«ሰላይ ያስፈልግሻል» አልኳት። «ልጅቷ ዘንዶ እንደደበቀች ለጦር ሚኒስትሩ የሚያቀብል ሰው። ከውጪ አታምጪው። ቤት የሚገባ፣ የሚወደድ ሰው አድርጊው።»

«ለምሳሌ?»

ለምሳሌ እትዬን ሰጠኋት።

እትዬ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ነች። ስለ እሷ «እሳቸው» እያልኩ ማውራት ነበረብኝ፤ ዛሬ አልችልም። ግን እውነቱ ይነገር፦ ስንመጣ ኤርፖርት ካፖርት ይዛ የጠበቀችን እሷ ነች። እናቴን ነርሲንግ ሆም ያስቀጠረቻት እሷ ነች። እኛ ቤት ለእትዬ በሩ ተንኳኩቶ አያውቅም፣ ዝም ብላ ነው የምትገባው። ሥራዋ ክሊኒክ ውስጥ ማስተርጎም ነው፤ የከተማው ሀበሻ ግማሹ ሕመሙን ለዶክተር የሚናገረው በእሷ አፍ ነው። ክፉ ወሬ ልታወራ ስትል መነጽሯን ታወልቃለች፣ ሁለቴ እፍ ትልበታለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች። ከዚያ «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን...» ትላለች። እና ሰማያዊ ክዳን ያለው ሳህን አላት፤ ባዶውን ይዛ ትመጣለች፣ ሞልታ ትሄዳለች።

እህቴ ሁሉንም ወሰደችው። መነጽሩ በእጅ የሚያዝ መነጽር ሆነ፣ ነጠላው ሻሽ ሆነ። ሳህኑን ደግሞ ምን አደረገችው መሰላችሁ? ሰላይዋ እመቤት ከየቤቱ የኬክ ሳህን ይዛ ትወጣለች፣ ከኬኩ ሥር የተሰረቀ ደብዳቤ አለ። እኔ መሪውን እየደበደብኩ ሳቅኩ። «ጨምሪ፣ ጨምሪ» አልኳት። እፍ የምትለውን ሁለት ጊዜ አድርጊው ያልኩት እኔ ነኝ።

ለምን በወረቀት ትጽፋለች ካላችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠች እማዬ ከኋላዋ ትቆማለች። ስክሪን ካየች ወንድ ይታያታል። ደብተር ላይ የምታቀረቅር ልጅ ግን ታጠናለች። እና ኮፒ የለም። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ «ጨርሺና ስጪኝ፣ ለበጋው የጸሐፊዎች ፕሮግራም እኔ ራሴ እልክልሻለሁ» ብላት ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ስትቸኩል አይቻት አላውቅም። ዳቦ ቤት ብሬክ ላይ ትጽፋለች፣ ደብተሩ ዱቄት በዱቄት ነው።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ሻምበሉ ለልጅቷ የሚጽፈው። እህቴ ደብተር ላይ ጽፋ አልበቃትም፣ በእጇ ልትይዘው ፈለገች። ወረቀት ሻይ ውስጥ ነክራ ሂተር ላይ አደረቀች፣ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ገለበጠችው፣ እንደዚያ ዘመን አጣጥፋ በሰም አሸገችው። ሰም ከየት? እማዬ ከቤተክርስቲያን ካመጣችው ጧፍ። ቅዳሜ ልታሳየኝ ካፖርቷ ኪስ ከተተችው። ዓርብ እማዬ ካፖርቱን ልታጥብ ኪሱን ፈተሸች።

እስቲ በእናቴ ዓይን እዩት። በዚህ ዘመን ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ስልክ የሚፈራ ሰው። የሚደበቅ ሰው። እና እናቴ በከንቱ አልደነገጠችም፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነች በኋላ ነው የገባኝ። ታላቅ እህቷ ገና ልጅ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው የተጠለፈችው። አክስቴን ፎቶ ላይ ነው የማውቃት። እናቴ ስለሷ አታወራም፣ ግን መንገድ ላይ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሄድ ካየች እስክታልፍ ቆማ ታያለች።

እኔ በሥራ ላይ፣ እህቴ ትምህርት ቤት። እናቴ ደብዳቤውን ይዛ ወደማን ትሂድ? ወደ አስተርጓሚዋ።

እትዬ እንዲህ ብላ ተረጎመችው፣ ቃል በቃል፦ «በወሩ መጨረሻ እሁድ፣ ሦስተኛው ጭፈራ ሲጀምር፣ ወደ አትክልቱ ውጪ። እኔ ከአውሬው ጋር እመጣለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ምንም ይዘሽ አትምጪ፤ ላይ ብርድ ነው፣ የኔን ካፖርት ትለብሻለሽ።»

«የሱን ካፖርት!» ብላ እናቴ ደረቷን መታች አሉ።

ጠለፋ ነው ተባለ። አሜሪካን አገር፣ ሚኒሶታ፣ ጠለፋ። ልጅቷን አንዳች አትጠይቂያት፣ ቀድማ ትጠፋለች አለቻት እትዬ። ለወንድሟም እንዳትነግሪ፣ አፉ ወንፊት ነው። እዚህ ላይ አልዋሸችም። ሁለቱ ሆነው ክፍሏን በረበሩ፣ ከፍራሹ ሥር ሦስቱን ደብተር አወጡ። ሁለቱን እናቴ ደበቀች። ሦስተኛውን፣ እኔ ገና ያልሰማሁት መጨረሻ ያለበትን፣ «ጠላፊው አድራሻ ጽፎ ይሆናል፣ አይቼ ልተርጉምልሽ» ብላ እትዬ ይዛው ሄደች። በሰማያዊው ሳህን ውስጥ ይሁን አይሁን አላውቅም።

እህቴ ያን ቀን ማታ መጥታ ፊቷ ነጭ ሆኖ «ደብተሮቼን ወስደሃል?» አለችኝ። «ለሥራ ጓደኛህ ልታሳይ ነው?» እኔ ወስጄ አላውቅም። መኪናውን ገለበጥነው፣ ወንበር ሥር፣ ትራንክ ውስጥ፣ የስፔር ጎማው ጉድጓድ ሳይቀር። እናቴ በመስኮት እያየችን ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ልጇ ስታለቅስ እያየች ዝም አለች። አስተማሪዋ «የት ደረሰ?» ትላታለች፣ እህቴ «እየጨረስኩ ነው» ትላለች።

የወሩ መጨረሻ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከኦቨርታይም ስመለስ የአፓርታማችን ፓርኪንግ መውጫ በሁለት መኪና ተዘግቷል። ሞተራቸው አልጠፋም፣ መስታወቱ በትንፋሽ ጉም ሆኗል። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ካፖርት ላይ ጋቢ ደርበው። ዋናው የድሮ ትራክ ነጂ ነው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፤ ሠርግም ፍቺም እሱ ካልዳኘው አይጸድቅም። አሁን መኪናው ውስጥ አይደለም። በረዶው ላይ ቆሞ አንድ ፒዛ የሚያደርስ ነጭ ልጅ ክንዱን ይዞታል።

«ዌር ኢዝ ዩር አኒማል?» ይለዋል፣ አውሬህ የት አለ ማለቱ ነው።

ልጁ ፒዛውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሁለቱን መኪና አየ፣ ጋቢዎቹን አየ። «አይ ሃቭ ኤ ካት» አለ፣ ድመት ነው ያለኝ።

እኔ ያኔ ምንም አላውቅም። ግን ሳቅኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ጉልበቴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ጋሼ ዞሮ አየኝ። ያን ሳቅ ይቅር አላለኝም፣ እስካሁንም።

ቤት ስገባ እናቴ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እህቴ ሶፋ ላይ ኩምትር ብላለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ደብተርና ያ ደብዳቤ። እትዬ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች በረዷቸውን አራግፈው ገቡ።

«አንተ ልጅ» አለ ጋሼ፣ «የቤቱ ወንድ አንተ ነህ። እህትህ ልትጠለፍ ትስቃለህ?»

ደብዳቤውን አነሳሁ። መኪና ውስጥ ከደብተሩ ያነበበችልኝ የሻምበሉ ደብዳቤ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ልብወለድ ነው። እሷ ናት የጻፈችው።»

«ልብወለድ በጧፍ ይታሸጋል?»

«አውሬው ዘንዶ ነው፣ ጋሼ።»

«ዘንዶ የሚሉት ትራክ ነው» አለ፣ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። ስም የሌለው ትራክ የለም። 'ላይ ብርድ ነው' የሚለውስ? ካናዳ ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ካናዳ።

«አሥራ ሁለተኛን ያልጨረሰ ስለ ልብወለድ ምን ያውቃል» አለች እትዬ ከመስኮቱ በኩል፣ ለማንም ሳይሆን።

ያቺ ገባችብኝ። ግን ዋጥኳት። «እሺ» አልኩ፣ «ታንብብላችሁ። እሷ ታንብብ፣ እኔ እተረጉማለሁ። ጠለፋ ካገኛችሁበት እኔን ለፖሊስ ስጡኝ።»

እህቴ መጀመሪያ ድምፅዋ አልወጣም። ከአንደኛው ደብተር ጀመረች። እኔ አንድ መስመር ከኋላዋ እየሮጥኩ። ወፍጮ ቤቱን፣ በጎቹን፣ ክንፉን። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። መጀመሪያ ጋሼ ሰዓቱን እያየ ነበር። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ፣ ዝምተኛው፣ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«ቆይ» አለ። «የተሰበረው ክንፍ የግራው ነው የቀኙ?»

እህቴ ቀና አለች። «የግራው» አለች፣ በአማርኛ።

«መስፍኑ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ ሌላው።

«ስልሳ ሁለት።»

«ያን ያህል ሽማግሌ አይደለም» አለ ጋሼ። ሁሉም ሳቁ። እናቴ እንኳ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች፣ ከወጥ ቤቱ በር ትታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ገጽ እየዘለልን ከደብተር ወደ ደብተር አለፍን። የእንጨቱ ማሰሪያ ጋ ስንደርስ ዝምተኛው «ጎበዝ» አለ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትምህርት የሚጠቅም መስሎኝ አያውቅም።

እናቴ ድንገት ጠየቀች። «ልጅቷ ለምንድነው ለእናቷ የማትነግራት?»

እህቴ ደብተሩን እያየች በእንግሊዝኛ መለሰች። እናቷ ብትሰማ ኖሮ ትነግራት ነበር፣ ነው ያለችው።

ሁሉም ወደኔ አዩ። ተርጓሚው እኔ ነኝ። «ስለምትፈራ ነው አለች» አልኩ። እህቴ አማርኛ ትሰማለች፣ ረስቼው አይደለም። አየችኝ። ያን አስተያየቷን ባልነግራችሁ ይሻላል።

ሁለተኛው ደብተር አለቀ። የጭፈራው ምሽት ሊጀምር ነው። ጋሼ ጉልበቱን መታ። «ቀጥዪ እንጂ!»

«ሦስተኛው የለም» አለች እህቴ። በየተራ አየቻቸው። «ሦስተኛው የት ነው?»

እናቴ ወደ እትዬ ዞረች። እትዬ መነጽሯን አወለቀች። እፍ፣ እፍ። በነጠላዋ ጫፍ። ያኔ ገባኝ። አንብባዋለች። ራሷን አግኝታለች።

«እሱን ለአባ ሰጥቼዋለሁ» አለች። «ዘንዶ የተጻፈበት ነገር ክርስቲያን ቤት አያድርም ብዬ።»

ለንስሐ አባታችን እዚያው ስልክ ደወልኩ። ስፒከር ላይ አደረግኩት። አባ ደብተር የሚባል ነገር አልደረሰኝም ልጄ አሉ፣ ምን ደብተር?

«ውሸታም ነሽ!» አልኳት።

አንቺ ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣ ኤርፖርት ካፖርት ያለበሰችኝን ሴትዮ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩ የጠለፋም፣ የደብተርም መሆኑ ቀረ። ጉዳዩ የኔ አፍ ሆነ። እህቴ ንጹሕ መሆኗን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው። የኔን አፍ ለመዳኘት አንድ ሰዓት። ባለውለታችን ተዋረደች። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ። ሽማግሌ ፊት። እትዬ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ እና እውነት ለመናገር ለቅሶዋ የውሸት አልነበረም።

«ተነስተህ ጉልበቷን ሳም» አለ ጋሼ።

እናቴን አየሁ። እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ። ሳምኩ። «አንቺም» አሏት እህቴን። እሷ ምን አድርጋ? ግን ተነስታ ሳመች። «ይቅር ለእግዜር በሉ።» አልን። እትዬም አለች። ጋሼ እጁን ዘርግቶ መረቀና ቋጠሮውን አሠረ፦ «ከዛሬ ወዲያ ይሄን ጉዳይ ያነሳ፣ ዕርቁን ያፈረሰ እሱ ነው።»

ቁልፉ ይሄ ነው። ገባችሁ? ደብተሩ የት ነው ብሎ መጠየቅ ዕርቅ ማፍረስ ሆነ። ጋሼን በሳምንቱ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያዝኩት። «ሰላም አውርደናል አይደል እንዴ?» አለኝ፣ ትከሻዬን እየመታ። ዝምተኛው ደግሞ ጎተት አድርጎ በጆሮዬ «ዘንዶው ግን መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊጠይቅልኝ ግን አልፈለገም።

ሦስት ወር ሆነው። አስተማሪዋ ለጸሐፊዎች ፕሮግራሙ የምትልክበት ቀን አለፈ። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም መኪናዬ ውስጥ ትገባለች፣ ጆሮዋ ላይ ኤርፖድ ሰክታ በመስኮት ታያለች። አዲስ ደብተር ገዛሁላት፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። «ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጠው» አለች። እዚያው ነው፣ ፀሐይ አጣሞታል። አንድ ቀን ለመንኳት፣ መጨረሻውን ብቻ ንገሪኝ፣ ዘንዶው ይመጣል አይመጣም?

«ረስቼዋለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ በእንግሊዝኛ «ሰላይዋን የሰጠኸኝ አንተ ነህ» አለች። «ከወሰዱት ጠይቅ።»

የአርሲው ልጅ አሁንም ሰኞ ሰኞ ይጠይቀኛል። ገና ነው እለዋለሁ።

ባለፈው እሁድ ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። እትዬ መጣች፣ ሳህኗን ይዛ። እህቴ ወጥ እየጨለፈችላት ነበር፣ እኔ ፍሪጁ ጋ። እትዬ መነጽሯን አወለቀች፣ ወለወለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለቻት፦ «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ልጅቷ ካፖርቱን ለሻምበሉ መመለስ ነበረባት።»

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። እህቴ ቀና ብላ አየቻት፣ እና ለአንድ ሰከንድ፣ እምላለሁ፣ ፊቷ በራ። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው አንብቦላታል። አንድ ሰው ስለ ልጅቷ ተከራክሯታል። ከዚያ ፊቷ ተመልሶ ተዘጋ፣ ወጡን ጨልፋ ጨረሰች፣ ሰማያዊውን ክዳን ገጠመችላት።

ስለዚህ ዕርቁን እኔ አፍርሼዋለሁ። ይኸው፣ በሰው ፊት። ጋሼ፣ እናንተም ሁለታችሁ፣ ጉልበት ያሳማችሁን፣ ካሳማችሁን ጉልበት ሥር ምን እንደተደበቀ ሳትጠይቁ ለምን መረቃችሁ? እርስዎም እትዬ፣ አሁን በአክብሮት ነው የምጠይቅዎት፣ ደብተሩን መመለስ ካልፈለጉ ተዉት፣ ግን በዚህ ከተማ ያነበቡት እርስዎ ብቻ ነዎትና ይንገሩኝ፦ ልጅቷ አትክልቱ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ስትጠብቅ፣ ዘንዶው መጣላት ወይስ አልመጣላትም?